ሳይንስ ስታስተምሩ መልሱን ከመናገራችሁ በፊት አስገምቱ፦ ክላስ ውስጥ የሚሰራ ዝርዝር መመሪያ

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን በጣም የምወደው አንድ ኤክስፐርመንት ነበር፣ የሻማው። ሰሃን ላይ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ታፈሳላችሁ፣ መሃሉ ላይ ሻማ ታቆማላችሁ፣ ትለኩሱና ብርጭቆ ትደፉበታላችሁ፣ ሻማው ይጠፋል፣ ውሃው ሽቅብ ወደ ብርጭቆው ይገባል። ተማሪው ያጨበጭባል፣ እኔም ዛሬስ አስተማርኩ ብዬ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። ከሳምንት በኋላ «ውሃው ለምን ወጣ?» ብዬ ስጠይቅ ግን በራሱ ቃል ማስረዳት የቻለ አንድም ልጅ አልነበረም፣ የሚያስታውሱት መውጣቱን ብቻ ነው። የባሰው ደግሞ እኔ ያስጻፍኳቸው ማብራሪያ ራሱ ስህተት መሆኑን ቆይቼ ነው ያወቅኩት (ከታች እመለስበታለሁ)። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ልጆቹ አምነውኝ ኖታቸው ላይ የጻፉት ነገር ነዋ።

ከዛ በኋላ ቀስ እያለ የገባኝ ነገር፣ ተማሪ ዝም ብሎ ስላየ አይማርም፣ ገምቶ ካየ ነው የሚማረው። ግምቱ ሲፈርስበት «እንዴ! ለምን?» ይላል፣ ያቺ «ለምን» ካልመጣች የፈለገ የሚያምር ነገር ብታሳዩት እንደ ምትሃት አይቶት ያልፋል። ይሄ ደግሞ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነ ኤሪክ ማዙር ቡድን በ2004 (እዚህ ያሉት አመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ባወጣው ጥናት የፊዚክስ ዴሞንስትሬሽን ቁጭ ብለው ያዩ ተማሪዎች ጭራሽ ካላዩት ብዙም የተሻለ አልገባቸውም ነበር፣ ከማየታቸው በፊት ምን እንደሚሆን እንዲገምቱ የተደረጉት ግን በግልጽ ተሽለው ተገኝተዋል። ማስገመት የሚፈጀው እኮ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ የቆመው በዚች ነገር ላይ ነው።

1. ምዕራፉን ተዉትና አንድ ጥያቄ ምረጡ

ሌሰን ፕላን ስትጽፉ «ዛሬ ፎቶሲንተሲስ» ብላችሁ አትጀምሩ፣ እሱ ርእስ ነው። «ዛሬ የተማሪዬ ጭንቅላት ውስጥ ያለው የትኛው ሃሳብ እንዲቀየር ነው የምፈልገው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁና ያንን ወደ አንድ ጥያቄ አምጡት። ለምሳሌ፦ ከአንዲት ትንሽ ፍሬ የበቀለ ግዙፍ ዛፍ ያን ሁሉ ክብደት ከየት አመጣው? እስኪ ጠይቋቸው፣ አብዛኛው ከአፈሩ ነው የሚላችሁ፣ ፎቶሲንተሲስን በፎርሙላ ጭምር የሸመደደው ልጅ ሳይቀር።

እዚህ ጋ የድሮውን ሳይንቲስት የቫን ሄልሞንትን ታሪክ ብትነግሯቸው ክላሱ ጸጥ ይላል። ሰውየው አንዲት የአኻያ ችግኝ፣ አፈሩን አስቀድሞ በደንብ መዝኖ፣ ትልቅ እቃ ውስጥ ተከላት፣ 5 አመት ሙሉ ውሃ ብቻ እያጠጣ ቆየ፣ ከዛ መልሶ መዘነ። ዛፏ ወደ 75 ኪሎ ገደማ ጨምራለች፣ አፈሩ የቀነሰው ግን ወደ 60 ግራም ገደማ ብቻ! (እዚህ ጋ ቁሙ፣ መልሱን አትናገሩ፣ «ታድያ ከየት መጣ?» በሏቸው።) እሱ ራሱ ከውሃው ነው ብሎ ደመደመ፣ ስራው ከሞተ በኋላ በ1648 ታትሟል፣ ዛሬ ደግሞ የዛፉ ደረቅ ክብደት አብዛኛው ከአየር ከሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚመጣ እናውቃለን። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ ሁለት ነገር ነው የሚያገኙት፣ መልሱን፣ እና በጥንቃቄ የመዘነ ሳይንቲስት እንኳ ያላሰበው ነገር ካለ ድምዳሜው ሊሳሳት እንደሚችል።

ጥሩ ጥያቄ ማለት ሁሉም መልሱን የሚያውቀው የሚመስለው፣ ግን ብዙው ሰው የሚስተው ነው። ከባድና ቀላል እቃ አብረው ቢለቀቁ ማን ይቀድማል? አምፖል ውስጥ ያለፈ ከረንት ተበልቶ ያንሳል ወይስ እንዳለ ይወጣል? ወቅት የሚቀያየረው መሬት ለጸሃይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ ነው? የመጨረሻዋ በተለይ ብዙ አዋቂ ሰው ትጥላለች፣ ግን መሬት ለጸሃይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው (147 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ)፣ በጣም የምትርቀው ደግሞ በጁላይ መጀመሪያ (152 ሚሊዮን ገደማ)፣ ሰሜኑ የአለም ክፍል በብርድ የሚንቀጠቀጠው ግን በዛው በጃንዋሪ ነው። ይቺን ቁጥር ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ዝም በሉ፣ ቀሪውን ጭቅጭቅ እነሱ ያመጡታል።

የተሳሳተ መልስ የምትጽፉበት ደብተር ይኑራችሁ። ተማሪ የሚላችሁን ስህተት በራሱ አነጋገር እንዳለ ጻፉት፣ ለሚቀጥለው አመት ከዛ የተሻለ የማስተማሪያ እቃ አታገኙም።

2. ግምቱን በጽሁፍ አስያዙ

አፍ ለአፍ ከጠየቃችሁ የሚመልሱት እነዛው ሶስት ፈጣን ልጆች ናቸው፣ ሌላው አንገቱን እየነቀነቀ ይሸኛችኋል። ስለዚህ ሁሉም ቁራጭ ወረቀት ያውጣና ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ምን ይሆናል፣ ለምን። በእስክሪብቶ ይሁን፣ በእርሳስ ከሆነ ውጤቱን ሲያዩ ያጠፉታል። ማርክ እንደሌለው ደጋግማችሁ ንገሯቸው፣ በቃልም ብቻ ሳይሆን በተግባር፣ ማለቴ አንድ ቀን የተሳሳተ ግምት አንብባችሁ ክላሱ ከሳቀና እናንተም ፈገግ ካላችሁ አለቀ፣ ከዛ ወዲያ እውነተኛ ግምታቸውን አታገኙም።

ወረቀት ለመሰብሰብ ጊዜ ከሌለ ምርጫ ስጡ፣ ከ1 እስከ 4፣ ሁሉም አይኑን ጨፍኖ ጣቱን ደረቱ ጋ ያሳይ። ለምን አይን ጨፍኖ? ጎበዙን ልጅ አይተው እንዳይከተሉ ነው። የተሳሳቱት ምርጫዎች ከዛ ከደብተራችሁ ይምጡ እንጂ ዝም ብላችሁ የማይመስል ነገር አትሙሉበት።

«አላውቅም» የሚል ልጅ ሁሌም አለ። አትቆጡት፣ «ማወቅ አይጠበቅብህም፣ ብቻ የትኛው ይመስልሃል?» በሉት።

ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ጠብቁ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ ክላስ ውስጥ እየቀዳች ስትሰማ አስተማሪዎች ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ነበር፣ ወደ 3 ሰከንድና ከዛ በላይ ሲያደርጉት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉት ልጆችም መናገር ጀመሩ። 3 ሰከንድ ሲያወሩት ትንሽ ነው፣ ቆማችሁ ስትጠብቁ ግን ማለቂያ የሌለው ነው የሚመስለው፣ እኔ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ።

3. ጎን ለጎን ይከራከሩ

ማዙር ከ1991 ጀምሮ የተጠቀመበት መንገድ ነው፣ በጣም ቀላል ነው። መጀመሪያ ሁሉም ለብቻው ይመርጣል፣ ከዛ የተለየ መልስ ያለው ጎረቤት ፈልጎ ለ2 ደቂቃ ለማሳመን ይሞክራል፣ ከዛ እንደገና ምርጫ። ሁለተኛው ዙር ላይ ትክክለኛው መልስ ሲጨምር ታያላችሁ፣ እናንተ ምንም ሳትናገሩ። ምክንያቱ ደስ ይላል፣ ትናንት የገባው ልጅ የት ጋ ተደናግሮ እንደነበር ገና አልረሳውም፣ እኛ ግን ከረሳነው ቆየን።

መጀመሪያው ዙር ላይ ከ100ው ከ30 በታች ብቻ ካገኙት ክርክሩን ዝለሉና መለስ ብላችሁ አስረዱ፣ ባዶ ለባዶ ነው የሚከራከሩት። ከ70 በላይ ካገኙት ደግሞ አጠር አድርጋችሁ እለፉ። መሃል ላይ ሲሆን ነው ክርክሩ የሚጣፍጠው።

እየተከራከሩ እናንተ ዞር ዞር በሉና ስሙ፣ አታርሙ፣ ፊታችሁንም ጠብቁ። ተማሪ ከሳይንሱ በላይ የአስተማሪን ፊት ማንበብ ይችላል፣ «አሃ!» ካላችሁ መልሱን ነገራችኋቸው።

4. አሁን አሳዩ

ከማሳየታችሁ በፊት አንድ ህግ፦ መጀመሪያ ያዩትን ብቻ ነው የሚናገሩት፣ ምክንያት አይገባም። «ኦክስጅኑ አለቀ» ያየው ነገር አይደለም፣ «እሳቱ ጠፋ» ነው ያየው። ይሄን መለየት ለተማሪ በጣም ይከብዳል፣ ግን ሳይንስ የሚባለው ነገር ግማሹ እዚህ ጋ ነው ያለው።

እንግዲህ ወደ ሻማው። እኔ ያስጻፍኩት «ሻማው ኦክስጅኑን ጨረሰው፣ ኦክስጅን የአየር 21 በመቶ ስለሆነ ውሃው ያንን ባዶ ቦታ ያክል ወጣ» የሚል ነበር፣ ብዙ ቦታም እንደዛ ነው የሚነገረው። ትክክል አይደለም። ሻማው ኦክስጅኑ ሳያልቅ ነው የሚጠፋው፣ በዛ ላይ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ትነት እያወጣ ነው። ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው፣ ብርጭቆውን ስትደፉ እሳቱ ያሞቀው አየር ይሰፋና የተወሰነው ከስር ያመልጣል (አረፋ ሲወጣ የምታዩት እሱ ነው)፣ እሳቱ ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውጪ ያለው አየር ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል።

ይሄን ግን አትንገሯቸው፣ እንዲያገኙት አድርጉ። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሩት «ውሃው በፍጥነት የሚወጣው መቼ ነው፣ እሳቱ እየነደደ እያለ ነው ወይስ ከጠፋ በኋላ?» ብላችሁ እንዲያዩ አድርጉ። ከጠፋ በኋላ ነው። ከዛ በአንድ ሻማ ፈንታ 3 ሻማ ልታቆሙ ነው፣ ብርጭቆው ያው ነው፣ ውሃው ምን ያህል ይወጣል? አስገምቱ። የኦክስጅን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ብርጭቆው ውስጥ ያለው አየር ያው ስለሆነ እኩል መውጣት ነበረበት፣ በ3 ሻማ ግን በደንብ ከፍ ይላል። እዚህ ጋ ተማሪዎቹ ራሳቸው መጽሃፍ ላይ ሳይቀር የሚገኝ ማብራሪያ በማስረጃ ሲጥሉ ማየት ለኔ በማስተማር ዘመኔ ካየሁት ሁሉ ትልቁ ነገር ነው።

ለመውደቅ ጥያቄ ደግሞ ደብተርና አንድ ቅጠል ወረቀት ይበቃችኋል። ጎን ለጎን ልቀቋቸው፣ ወረቀቱ እየተንሳፈፈ ወደ ኋላ ይቀራል፣ «ይኸው ቀላል ስለሆነ ነው» ይላሉ። ወረቀቱን ጨብጣችሁ አድቦልቡሉትና እንደገና። ክብደቱ አልተቀየረም፣ ታድያ ምን ተቀየረ? ከዛ በ1971 በአፖሎ 15 ጉዞ ጠፈርተኛው ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ እኩል ለቆ እኩል ማረፋቸውን ንገሯቸው፣ ቪዲዮው ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ አስገምቱና አሳዩ።

5. አሁን ደግሞ አስረዱ፣ በደንብ አድርጋችሁ

አንዳንዱ ሰው «ተማሪ ራሱ ይድረስበት» ሲባል አስተማሪ አፉን ይዝጋ ማለት ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሰው ልጅ ብዙ መቶ አመት የፈጀበትን ነገር የ13 አመት ልጅ በ40 ደቂቃ ከባዶ ተነስቶ አያገኘውም፣ መሃል መንገድ ላይ ጠፍቶ የተሳሳተውን ይዞ ነው የሚወጣው። ልዩነቱ ያለው ማስረዳቱ መቼ ይምጣ የሚለው ላይ ነው። ጥያቄው ከተወለደ በኋላ የሚመጣ የ10 ደቂቃ ማብራሪያ ከጥያቄው በፊት ከሚመጣ ሙሉ ፔሬድ ይበልጣል፣ ጆሮው ተከፍቶ ነዋ የሚሰማው። ቃላቱንም (ግፊት፣ ዴንሲቲ፣ ምናምን) እዚህ ጋ አምጧቸው፣ ነገሩን መጀመሪያ አይቶታልና ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ አለው።

ከዛ ሶስት መስመር ይጻፉ፦ ምን እላለሁ፣ ማስረጃዬ ምንድነው፣ ማስረጃው ያልኩትን ለምን ይደግፋል። ሶስተኛዋ ላይ ነው ሁሉም የሚደናቀፈው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሶስቴ ሰሌዳ ላይ አብራችሁ ጻፉ። ድሮ የጻፉትን ግምት ደግሞ አጠገቡ እንዲለጥፉት አድርጉ፣ ሃሳባቸው ሲቀየር በአይናቸው ይዩት።

6. በእጃቸው ይስሩ፦ ፔንዱለም

አንድ ኤክስፐርመንት ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን ነው የምመርጠው፣ ሲባጎ፣ ድንጋይ፣ ማስመሪያ እና ሰአት ብቻ ነው የሚፈልገው። ጥያቄው፦ ሲባጎው ላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘው ድንጋይ አንዴ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚቀይረው የትኛው ነው፣ ክብደቱ፣ የተለቀቀበት ስፋት ወይስ የሲባጎው ርዝመት? ግምት ይጻፉ። ብዙው ክብደቱ ነው ይላል።

ከዛ አንዱን ብቻ እየቀየሩ ሌላውን እንዳለ ይያዙት። ይሄ «አንዱን ብቻ ቀይር» የሚለው ነገር በቃል ሲነገር ሁሉም ገብቶኛል ይላል፣ ሲሰሩ ግን ድንጋዩን ሲቀይሩ ርዝመቱም አብሮ ይቀየርባቸዋል፣ ምክንያቱም ርዝመት የሚለካው ከታሰረበት እስከ ድንጋዩ መሃል ድረስ ነው፣ ትልቅ ድንጋይ ሲሆን መሃሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ እና «ይኸው ክብደት ይቀይራል!» ብለው ይመጣሉ። አትከልክሏቸው፣ ይሳሳቱና «ድንጋዩን ስትቀይሩ ሌላ ምን ተቀየረ?» ብላችሁ መልሷቸው። ጊዜውን 10 ምልልስ ቆጥረው ለ10 ያካፍሉት፣ የአንዷን ብቻ ከለኩ የእጃቸው መዘግየት ውጤቱን ያበላሸዋል። የሚለቁበት ስፋት ትንሽ ይሁን፣ ከ20 ዲግሪ ባይበልጥ።

25 ሳንቲሜትር ላይ 1 ሰከንድ ገደማ፣ 1 ሜትር ላይ 2 ሰከንድ ገደማ ያገኛሉ። አሁን ቆም አድርጓቸውና «50 ሳንቲሜትር ላይስ?» በሉ። እጥፍ ነው ብሎ 2 የሚል አለ፣ 1.5 ነው የሚልም አለ፣ ሲለኩት 1.4 ገደማ ነው። ጊዜውን እጥፍ ለማድረግ ርዝመቱ 4 እጥፍ መሆን እንዳለበት እዚህ ጋ ነው የሚበራላቸው።

ክላሳችሁ 60 እና 70 ልጅ ከሆነስ? ለየግሩፑ የተለያየ ርዝመት ስጡ፣ አንዱ 20፣ አንዱ 35፣ አንዱ 80 ሳንቲሜትር እያላችሁ፣ ሁሉም የራሱን ነጥብ መጥቶ ሰሌዳው ግራፍ ላይ ያኑር። አንድ ግሩፕ ካልሰራ ግራፉ ላይ ቀዳዳ ይኖራል፣ ስለዚህ ሌላው ራሱ ይጠብቃቸዋል። ከመስመሩ የወጣ ነጥብ ካለ አታጥፉት፣ ግሩፑ እንደገና ይለካ። በግሩፕ 4 ልጅ በቂ ነው፣ አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ሰአት ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል፣ በየዙሩ ደግሞ ይቀያየሩ፣ ካልሆነ ሴቶቹ ጸሃፊ ሆነው ይቀራሉ፣ ይሄን ደጋግሜ ስላየሁ ነው የምላችሁ።

7. ላብ ከሌለ

ከረንት «ተበልቶ ያልቃል» የሚለውን ስህተት ለማስተካከል ረጅም ገመድ ጫፍና ጫፉን እሰሩት፣ ተማሪዎች ክብ ሰርተው ቆመው ላላ አድርገው ይያዙት። አንዱ «ባትሪ» ነው፣ ገመዱን እየሳበ ያዞረዋል። አንዷ «አምፖል» ናት፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጋ ትይዘዋለች፣ እጇ ሲሞቃት ይሰማታል። ገመዱ ግን በሁሉም እጅ ውስጥ እኩል ነው የሚያልፈው፣ አምፖሏ ጋ ሲደርስ አላጠረም። ጠበቅ ስታደርግ ደግሞ በሁሉም እጅ የሚያልፍበት ፍጥነት ይቀንሳል። ቀስ ብለው ያዙሩት፣ ሻካራ ገመድ እጅ ይልጣል። መጨረሻ ላይ «ይሄ ገመድ እውነተኛውን ከረንት የማይመስለው የት ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስልክ ወይ ኮምፒውተር ከተገኘ በ2002 በካርል ዊማን የተጀመረው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፌት (PhET) የሚባለው ሲሙሌሽን በነጻ ነው፣ ሰርኪት፣ አሲድና ቤዝ፣ የጋዝ ግፊት ሁሉ አለው። ግን እሱንም ከመንካታቸው በፊት አስገምቱ፣ ካልሆነ ጌም ይሆናል።

ስለ ጥንቃቄ አጭር ነገር፦ ሁሉንም ኤክስፐርመንት ከአንድ ቀን በፊት ራሳችሁ ስሩት። እሳት ካለ ጸጉር ይታሰር፣ ውሃ ቅርብ ይሁን። ኬሚካል ካለ የአይን መከላከያ መነጽር። አሲድ ሲቀጠን አሲዱ ነው ወደ ውሃው የሚጨመረው፣ ውሃው ወደ አሲዱ በፍጹም አይጨመርም። በረኪና ከአሲድ ጋር አይቀላቀል፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለሰርኪት 1.5 ቮልት ባትሪ ብቻ፣ የግድግዳ ሶኬት አይነካም።

8. ከመውጣታቸው በፊት

የመጨረሻዎቹን 3 ደቂቃ አትብሏቸው። አንድ አዲስ ጥያቄ ስጡ፣ ያው ሃሳብ ሆኖ ሌላ ልብስ የለበሰ፦ «ትኩስ ውሃ ይዞ የነበረ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃው ተደፍቶ ወዲያው ተከደነ፣ ሲቀዘቅዝ ምን ይሆናል? ለምን?» ስማቸውን ሳይጽፉ በሩ ላይ ይስጧችሁ። ሻማው የገባው ልጅ ጠርሙሱ ጭምድድ እንደሚል ይነግራችኋል፣ ጩኸቱን ብቻ ያስታወሰው ልጅ ደግሞ ይሰፋል ወይ ምንም አይሆንም ይላል። ወረቀቶቹን በሶስት ክምር ለዩ፣ የገባው፣ ግማሽ የገባው፣ ያልገባው። ማረም አያስፈልግም፣ 5 ደቂቃ ነው።

ለ40 ደቂቃ ፔሬድ እኔ የምከፋፍለው በግምት እንዲህ ነው፣ ጥያቄና ግምት 6፣ ክርክር 5፣ ማሳየትና ያዩትን መናገር 9፣ ማስረዳት 10፣ መጻፍ 7፣ መውጫ ጥያቄ 3። በእጃቸው የሚሰሩ ከሆነ ሁለት ፔሬድ ይፈልጋል፣ አታጣድፉት። «ፖርሽን አይሸፈንልኝም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እኔም ስጋቴ እሱ ነበር። ግን በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ በዩኒቨርሲቲ የሳይንስ፣ የኢንጂነሪንግና የሂሳብ ኮርሶች ላይ የተሰሩ 225 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ አስተማሪው ብቻ በሚያወራበት ክላስ የወደቀው ተማሪ 33.8 በመቶ ሲሆን ተማሪው በሚሳተፍበት 21.8 በመቶ ነበር። በሳምንት አንድ ፔሬድ ብቻ በዚህ መንገድ ጀምሩ፣ የምታውቁትንና የምትወዱትን ርእስ መርጣችሁ።

ቀጣዩን ክላስ ደግሞ ከሁለተኛው ክምር፣ ግማሽ ከገባው፣ አንድ ወረቀት አንስታችሁ ሰሌዳ ላይ በመጻፍ ጀምሩ፦ «ትናንት አንድ ሰው ይሄን ጽፏል፣ የቱ ጋ ትክክል ነው፣ የቱ ጋ ይጎድለዋል?» ብላችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ።